ቅጠል ስንሰፋ፦ ስለ ፈተናና ስለ እፍረት በቀላል አማርኛ

ለሶስት አመት ከምናምን የንስሀ አባታችን ቤት በመጡ ቁጥር እኔ ወይ ስራ ገብቻለሁ ወይ ተኝቻለሁ። አንዴማ እናቴ "አባ መጥተዋል፣ ውጣና መስቀል ተሳለም" ብላ የክፍሌን በር ስታንኳኳ ጋቢውን እስከ አናቴ ስቤ ማንኮራፋት ሁሉ ጀምሬ ነበር፣ ከቀኑ ስድስት ሰአት ላይ፣ ያውም 28 አመት ሞልቶኝ። እሳቸው ሳሎን ቁጭ ብለው ከአባቴ ጋር ጠላ እየጠጡ ይጫወታሉ፣ እኔ ጋቢ ውስጥ ላብ ያጠምቀኛል። ምን ሰርቼ ነው? ሰው አልገደልኩም። ማታ ማታ ስልኬ ላይ የማየው ነገር ነበር፣ ምን እንደሆነ ገብቷችኋል፣ ዘርዝር አትበሉኝ።

አሁን ሳስበው የሚገርመኝ ስልኩ ላይ ካጠፋሁት ሰአት ይልቅ እሱን ለመደበቅ ያፈሰስኩት ጉልበት ነው። ቅዳሴ ቀረ፣ ጸሎት ቀረ፣ የድሮ የግቢ ጉባኤ ጓደኞቼ ቀሩ (አብሬያቸው ስቀመጥ አጭበርባሪ የሆንኩ እየመሰለኝ)፣ በአንድ ጥፋት አስር ነገር አጣሁ። ይሄን የምጽፈውም ለዛ ነው። ፈተና፣ ሀጢአት፣ እፍረት የሚባሉትን ነገሮች ጭንቅላታችን ውስጥ አንድ ላይ ጨፍልቀን ነው የያዝናቸው፣ እነሱ ግን የተለያዩ ናቸው መድሀኒታቸውም ይለያያል። ሰባኪም ዲያቆንም አይደለሁም፣ ካነበብኩት፣ ከተማርኩትና ከጋቢው ስር ካየሁት ነው የማወራው።

ከቃሉ እንጀምር፣ ምክንያቱም አማርኛችን እዚህ ጋ ትንሽ ያምታታናል። ማትሪክም ፈተና ነው፣ ስራ ማጣትም ፈተና ነው፣ ማታ የሚመጣው ክፉ ሀሳብም ፈተና ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ ራሱ ዘፍጥረት 22 ላይ እግዚአብሔር አብርሃምን ፈተነው ይልሀል፣ ያዕቆብ 1፥13 ላይ ደግሞ እሱ ማንንም አይፈትንም ይላል። ተጣሉ እንዴ? አልተጣሉም፣ ቃሉ አንድ ሆኖ ስራው ሁለት ስለሆነ ነው። መምህር ተማሪውን የሚፈትነው እንዲያልፍ ነው፣ ሌባ ደግሞ በር የሚነቀንቀው እንዲከፈትለት ነው። በየቀኑ "ወደ ፈተና አታግባን" እያልን የምንጸልየው ስለ ሁለተኛው ነው።

የገዳም አባቶች ለዚህ ለሁለተኛው የራሳቸው ቃል አላቸው፣ ጾር ይሉታል። የዝሙት ጾር፣ የቁጣ ጾር ምናምን። እና አነጋገራቸውን ልብ በሉልኝ፣ "ጾር ተነሳብኝ" ነው የሚሉት። ነገሩ ከሆነ ቦታ ተነስቶ መጣብኝ ማለት ነው እንጂ እኔ ማለት እሱ ነኝ ማለት አይደለም። እኛ ግን ሀሳቡ ገና ሽው ሲል "እኔ ምን አይነት ቆሻሻ ሰው ነኝ" ብለን ፍርድ እንሰጣለን፣ ገና ምንም ሳይፈጠር። ከዛ ለካ ቆሻሻ ነኝ ብሎ ያመነ ሰው ለመቆሸሽ ብዙም አይከብደውም።

ጌታችንም ተፈትኗል እኮ። ገዳመ ቆሮንቶስ በሚባለው በረሃ 40 ቀን ከጾመ በኋላ በመጨረሻ ሲራብ ነው ፈታኙ የመጣው፣ አባቶች ሶስቱን ጥያቄዎች ስስት፣ ትዕቢት፣ ፍቅረ ንዋይ ብለው ይተረጉሟቸዋል። እብራውያን 4፥15 ከሀጢአት በቀር በሁሉም ነገር እንደኛ ተፈተነ ይላል፣ ስለዚህ መፈተን በራሱ ሀጢአት ቢሆን ኖሮ ይሄ ጥቅስ ሊጻፍ አይችልም ነበር። ደግሞ ጊዜውን እዩት፣ ገና ከዮርዳኖስ ወጥቶ፣ ከሰማይ "የምወደው ልጄ ይህ ነው" ተብሎለት ብዙም ሳይቆይ ነው። ሰዉ "ትናንት ጠበል ተጠምቄ፣ ትናንት ቆርቤ ዛሬ እንዴት እንዲህ አይነት ሀሳብ ይመጣብኛል" ብሎ ሲደነግጥ እሰማለሁ፣ እኔም እደነግጥ ነበር። የሚጠበቅ ነገር ነው።

መስመሩ የቱ ጋ ነው ታዲያ? ያዕቆብ እንደ እርግዝና አድርጎ ነው ያስቀመጠው፣ ምኞት ትጸንሳለች፣ ሀጢአትን ትወልዳለች፣ ሀጢአት ደግሞ አድጋ ሞትን ትወልዳለች። ማለትም አንድ ብልጭታ ሳይሆን ሂደት ነው። እኔ ለራሴ የማስታውሰው በእንግዳ ነው። ሀሳቡ በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ ምንም አላጠፋህም፣ የሰው በር ይንኳኳል። "ቤት ለእንግዳ" ካልከው ግን አለቀ፣ አገርህን ታውቀው የለ፣ እንግዳ ከተቀመጠ አቦል ቶና በረካ ሳይጠጣ አይወጣም። ውጣ ማለት የሚቀለው በር ላይ እያለ ነው፣ ቡናው ከተቆላ በኋላ ማስወጣት ጸብ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ እኛ የምንሸነፍበት ጸብ።

ይሄን በደንብ የሚያሳየው የዳዊት ታሪክ ነው፣ 2ኛ ሳሙኤል 11። ታሪኩ የሚጀምረው ከቤርሳቤህ አይደለም፣ ነገሥታት ወደ ጦርነት በሚወጡበት ጊዜ ዳዊት ኢየሩሳሌም ቀረ ብሎ ነው የሚጀምረው። ሰራዊቱ ሜዳ ላይ ነው እሱ ቤት ነው፣ ወደ ማታ ከአልጋው ተነስቶ ሰገነት ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ስራ ፈቷል፣ ብቻውን ነው፣ ማታ ነው። ከዛ አየ። ማየቱ ድንገት ሊሆን ይችላል፣ ቀጥሎ ግን ሰው ልኮ "ማን ናት" ብሎ አስጠየቀ፣ ቡናው የተቆላው እዚህ ጋ ነው። መልሱ ምን ሆኖ መጣ? የኦርዮ ሚስት አይደለችም ወይ ተባለ። ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 ላይ እግዚአብሔር ከፈተናው ጋር መውጫውንም ያደርጋል የሚለው እኮ ይሄ ነው፣ መውጫው በመልእክተኛ አፍ ቤቱ ድረስ መጣለት፣ "ባለትዳር ናት" ተባለ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተለት፣ እሱ ግን አልፎት ሄደ። ዮሴፍ በተቃራኒው የጲጥፋራ ሚስት ልብሱን ስትይዘው ቆሞ አልተከራከረም፣ ጥቅስም አልጠቀሰላትም፣ ልብሱን ጥሎላት ሮጠ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ የራስህን ሰገነት ማወቅ ነው። የኔ አልጋዬ ነበር፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰአት፣ ዋይፋይ ያለበት፣ ሁሉም የተኛበት። የአንዱ ጓደኛዬ ሰገነት ከስራ መልስ የሚያልፍበት ቤቲንግ ቤት ነው፣ ደሞዝ የገባ ቀን በሌላ መንገድ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው፣ በግድ ያዞረዋል ግን ይዞራል። የሌላው አርብ ማታ ድራፍት ነው። ቤተክርስቲያን በሌለበት ሳዑዲ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር እህት ደግሞ ሰገነቷ ብቸኝነቷ ሊሆን ይችላል፣ "እንዴት ዋልሽ" የሚላት ሰው ስታገኝ ማንነቱን ሳታጣራ ልቧ ይሄዳል፣ በሷ ላይ መፍረድ ለኛ ቀላል ነው። ሰገነቱን ካወቅክ ጸሎትህም ቦታ ያገኛል፣ "ጌታ ሆይ ከክፉ ጠብቀኝ" ከማለት "ዛሬ ማታ ከስድስት ሰአት ጠብቀኝ" ማለት ይለያል። ከጸሎቱ ጋር ቻርጀሩን ሳሎን ማድረግም አለ፣ ይሄን ግን እኔ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፣ እመጣበታለሁ።

ፈተናውን እዚህ ጋ ላቁምና ወደ እፍረቱ ልሂድ፣ ምክንያቱም ዳዊት ቤርሳቤህን ካስመጣ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው በሩጫ ነው የሚያልፈው። አረገዘች። ዳዊት ምን አደረገ? ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠራና "ወደ ቤትህ ሂድ" አለው፣ ልጁ የሱ እንዲመስል ነው ነገሩ። ኦርዮ ግን ጓደኞቼ ሜዳ ላይ እየተኙ እኔ እንዴት ቤቴ ገብቼ አድራለሁ ብሎ እምቢ አለ። በማግስቱ ዳዊት አጠጥቶ አሰከረው፣ ሰክሮም አልሄደም። በመጨረሻ የገዛ ሞቱን የያዘ ደብዳቤ አስይዞ ወደ ኢዮአብ ላከው። ደብዳቤውን የተሸከመው ኦርዮ ራሱ ነው እንግዲህ። ዝሙቱ የአንድ ማታ ነገር ነበር፣ ነፍስ ያጠፋው ግን መደበቁ ነው። ያ ማታ ከባድ አይደለም እያልኩ አይደለም፣ ከባድ ነው፣ ግን ዳዊት በማግስቱ ጠዋት "በድያለሁ" ቢል ኖሮ ኦርዮ ይኖር ነበር።

መደበቁን ያስጀመረው አዳም ነው። ከመብላቱ በፊት እራቁታቸውን ነበሩ አይተፋፈሩም ነበር ይላል፣ ከበሉ በኋላ የመጀመሪያ ስራቸው የበለስ ቅጠል ሰፍቶ ማገልደም ሆነ፣ ቀጥሎ ዛፍ ውስጥ መደበቅ። እግዚአብሔር ሲመጣ የጠየቀው ደግሞ "ምን አደረግክ" ብሎ አልጀመረም፣ "ወዴት ነህ" ነው ያለው። አዳምም ሲመልስ "በላሁ" አላለም፣ "ፈራሁ፣ ተሸሸግሁ" ነው ያለው። እኔን ይሄ ይመታኛል፣ ምክንያቱም ጋቢው ስር የነበረው ሰውዬ ቁርጥ እሱን ነበር። ያንን ቅጠል የሚያስሰፋው ነገር ነው እንግዲህ እፍረት የምንለው።

እፍረት ሁሉ መጥፎ ነው ግን አልልም። አይነ ደረቅ፣ እፍረት የለሽ ብለን የምንሳደበው በከንቱ አይደለም፣ ከመስራትህ በፊት እጅህን የሚይዝ እፍረት አለ እሱ ጸጋ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ በአራተኛው መቶ ዘመን ስለ ንስሀ ሲያስተምር በደንብ አስቀምጦታል፣ ሀሳቡ በኔ አማርኛ እንዲህ ነው፦ እግዚአብሔር እፍረትን ለሀጢአት፣ ድፍረትን ለንስሀ ሰጥቶ ነበር፣ ሰይጣን ግን ገለበጠው፣ ስትሰራ ድፍረቱን ሰጠህ፣ ልትናዘዝ ስትል እፍረቱን መለሰልህ። ማታ ስልኩን ስከፍት የት ነበር ያ ሁሉ እፍረት? አልነበረም። በቀን እናቴ በር ስታንኳኳ ግን ከየት መጣ ሳይባል ክፍሉን ሞላው።

የኛ አገር እፍረት ደግሞ ሌላ ተደራቢ አለው፣ ይሉኝታ። ቃሉ ራሱ "ይሉኛል" ከሚለው የወጣ ነው፣ ሰው ምን ይለኛል ነው ነገሩ። ይሉኝታ በማህበራዊ ኑሮ ላይ ብዙ ጥሩ ነገር ይሰራል፣ ለቅሶ ያስደርሳል፣ ጎረቤት ያስጠይቃል። ንስሀ ላይ ሲመጣ ግን መርዝ ነው፣ ምክንያቱም የሚያስጨንቀው የሰራሁት ነገር ሳይሆን መታወቁ ነው። ራስን መፈተሻው ቀላል ነው፣ ይሄ ነገር መቼም ማንም አያውቅብህም ቢሉህ ሸክሙ ይቀልልሀል? ከቀለለህ የነበረው ይሉኝታ ነው፣ ካልቀለለህ ጸጸት ነው። እኔ ራሴን ስጠይቅ እውነት ለመናገር አብዛኛው ይቀል ነበር።

ሶስተኛው አይነት ደግሞ "ካፈርኩ አይመልሰኝ" የምንለው ነው። ጾም የገደፈ ሰው አይታችኋል? ረቡዕ ቀን ረስቶ ቢሮ ውስጥ ኬክ ይቀምሳል፣ ከዛ "ያው ገድፌያለሁ" ብሎ ማታ ክትፎ ያዛል። ኬኩ ስህተት ነበር ክትፎው ግን ውሳኔ ነው። ማታ አንድ ጊዜ የወደቀ ሰውም እንደዛ ነው፣ "አንዴ ተበላሽቷል፣ ከሰኞ ጀምሬ ነው የምስተካከለው" ይልና እስከ ሰኞ ድረስ ይዘፈቃል። "በምን አፌ እጸልያለሁ"፣ "በየትኛው ፊቴ ቤተክርስቲያን እሄዳለሁ" የሚሉት ነገሮች ትህትና ይመስላሉ፣ አፋቸው ይጣፍጣል፣ ስራቸው ግን ከመድሀኒቱ ማራቅ ነው። ባለህ አፍ ነዋ የምትጸልየው፣ ሌላ አፍ ከየት ይመጣል።

እዚህ ላይ ጴጥሮስና ይሁዳን ማየት አለብን። ብዙ ሰው ልዩነታቸው ጴጥሮስ ተጸጸተ ይሁዳ አልተጸጸተም ይመስለዋል፣ እንደዛ አይደለም። ማቴዎስ 27 ላይ ይሁዳ ተጸጸተ ብሎ በግልጽ ይላል። ሰላሳውን ብር መልሷል፣ "ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ" ብሎ በአፉ ተናግሯል። ጸጸት አለ፣ ኑዛዜ አለ፣ ካሳ እንኳን አለ። የጎደለው አንድ ነገር ነው፣ የሄደበት ቦታ። የተናዘዘው ለካህናት አለቆች ነው፣ ለገዙት ሰዎች፣ እነሱ ደግሞ "እኛ ምን አገባን፣ ራስህ ተወጣው" አይነት መልስ ነው የሰጡት። ከዛ ብቻውን ሄደ።

ጴጥሮስም ካደ፣ ሶስት ጊዜ፣ ፍም እየሞቀ፣ ምሎ ተገዝቶ። ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ ግን ከሌሎቹ አልተለየም፣ ዮሐንስ 21 ላይ ከነሱ ጋር ጀልባ ላይ ነው የምናገኘው። ዮሐንስ "ጌታ እኮ ነው" ሲለው ጴጥሮስ ምን አደረገ? እራቁቱን ነበረና ልብሱን ታጥቆ ባህር ውስጥ ገባ ይላል። ይሄን ከአዳም ጎን አድርጋችሁ አንብቡት እስኪ። ሁለቱም እራቁታቸውን ናቸው፣ ሁለቱም ጌታ ሲመጣ ልብስ ይፈልጋሉ፣ ሁለቱም አፍረዋል። አዳም ለብሶ ወደ ዛፉ ሮጠ፣ ጴጥሮስ ለብሶ ወደሱ ሮጠ፣ ጀልባው እስኪደርስ እንኳን አልጠበቀም። እፍረቱ አልጠፋለትም፣ እርጥብ ልብስ ለብሶ እያፈረ ነው የደረሰው። ባህር ዳር ሲደርስ ደግሞ ምን ጠበቀው፣ ፍም። የካደው ፍም ዳር፣ ቁርስ የሚበላውም ፍም ዳር። ጌታም "ለምን ካድከኝ" አላለውም፣ ሶስት ጊዜ "ትወደኛለህን" ነው ያለው፣ ሶስተኛው ላይ ጴጥሮስ አዝኗል፣ ቁስሉ ስለተነካ ያማል፣ ግን ከነህመሙ "በጎቼን ጠብቅ" ተባለ። ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡት፣ እኔ በስብከት ብዙ ጊዜ ሰምቼው ልብሱን ግን አላየሁትም ነበር።

እሺ ወደ ማን ነው የሚሮጠው በተግባር? በኛ ቤተክርስቲያን መልሱ የንስሀ አባት ነው፣ እና ችግሩም እዚሁ ነው ምክንያቱም የንስሀ አባት የቤተሰብ ሰው ነው። በአመት በአል ይመጣል፣ ጠበል ይረጫል፣ እናትህን ያውቃል፣ ከአባትህ ጋር ይስቃል። የሰማውን እንዳይናገር የታሰረ መሆኑን እያወቅክ እንኳን ነገ ሳሎን ቁጭ ብሎ ሲያይህ ምን እንደሚያስብ ታስባለህ። ይሄ እውነተኛ ችግር ነው፣ "እምነት ስለጎደለህ ነው" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በቂ ምክንያት ካለ ደግሞ ከቀድሞው ተሰናብቶ ሌላ አባት መያዝ ይቻላል፣ አለመሄድ ከሚሆን እሱ ይሻላል። ቀኖና የሚያቀልልኝን ልምረጥ ብሎ ከአንዱ ወደ አንዱ መዞር ግን ሌላ ቅጠል ነው።

ከግብፅ በረሃ አባቶች ታሪክ ሁለቱን ላንሳ። አባ ሴራፕዮን ልጅ ሆኖ ከአንድ ሽማግሌ መነኩሴ ጋር ይኖር ነበር፣ በዘጠኝ ሰአት አብረው ከበሉ በኋላ በየቀኑ አንድ ደረቅ ዳቦ ደረቱ ውስጥ ደብቆ ማታ ብቻውን ይበላል። ዳቦ ነው በቃ። ግን በበላው ቁጥር ከጣዕሙ ጸጸቱ ይበልጥበታል፣ ማታ ሲደርስ ግን ደግሞ ይሰርቃል፣ ማቆም አቃተው። አንድ ቀን ሽማግሌው ከመጡ እንግዶች ጋር ሀሳብን ስለመደበቅ ሲጫወቱ ልጁ ስለኔ ነው የሚያወሩት ብሎ መሰለው፣ ማልቀስ ጀመረና ዳቦውን ከደረቱ አውጥቶ መሀላቸው ላይ አስቀመጠው፣ ሁሉንም ተናገረ። ሽማግሌው ምን አለው፣ "እኔ ምንም ሳልልህ መናገርህ ነጻ አወጣህ"። ከዛ በኋላ ያ ፍላጎት ተመልሶ አልመጣበትም ይላል። የኛም ተረት "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ነው የሚለው። የተደበቀው ነገር ዳቦም ይሁን ሌላ፣ ጉልበቱ ግማሹ ከመደበቁ ነው የሚመጣው።

ሁለተኛው ታሪክ ግን ለሚሰሙት ነው። አንድ ወጣት መነኩሴ የዝሙት ሀሳብ አስጨንቆት ለአንድ ሽማግሌ ሲነግረው ሽማግሌው ተቆጣ፣ አንተ የመነኩሴ ስም አይገባህም አይነት ነገር ተናገረው። ልጁ ተስፋ ቆርጦ በቃ ወደ አለም ልመለስ ብሎ ሲሄድ አባ አጵሎስ መንገድ ላይ አገኘው፣ ፊቱን አይቶ ጠየቀው፣ ከስንት ልመና በኋላ ነገረው። አጵሎስ "እኔ እንኳን በዚህ ሽበቴ ይሄ ሀሳብ ይታገለኛል፣ ለአንድ ቀን ታገስ" ብሎ መለሰው። ቀጥሎ ወደ ሽማግሌው በአት (የመነኩሴ ማደሪያ ነው) ሄዶ የልጁ ፈተና ወደሱ እንዲዞር ጸለየ፣ ሽማግሌው ወዲያው እንደ እብድ ከበአቱ እየሮጠ ወጣ፣ ልጁ በሄደበት በዛው መንገድ። ሳቅ ያስቃል ግን ከባድ ነገር ነው። አፍሮ ተንቀጥቅጦ የነገረህን ሰው "አንተ? ካንተ አልጠብቅም ነበር" ካልከው ዳግመኛ ለማንም አይናገርም። አባት ብቻ አይደለም፣ ጓደኛም፣ ሚስትም፣ እናትም። ፕሮቴስታንት ጓደኞቼም ያዕቆብ 5፥16ን ይዘው ለጸሎት ጓደኛቸው ወይ ለመጋቢያቸው ነው የሚናገሩት፣ እነሱ ጋም መዘምራን ውስጥ ያለ ልጅ "ካወቁ ከአገልግሎት ያወርዱኛል" ብሎ ሲታፈን አይቻለሁ። እፍረት ቤተ እምነት አይለይም።

ከንስሀ በኋላ የሚሰጠውን ቀኖና ደግሞ ብዙዎቻችን እንደ ቅጣት ነው የምናየው፣ ይሄን ያህል ስግደት ይሄን ያህል ጾም ሲባል የትራፊክ ቅጣት የከፈልን ይመስለናል። ሀሳቡ ግን ሀኪም የሚያዘው አይነት ነገር ነው፣ ለዛ ነው ለአንዱ ጾም፣ ለአንዱ ምጽዋት፣ ለአንዱ ደግሞ "ከተጣላኸው ሰው ጋር ሄደህ ታረቅ" የሚባለው። እና ዞሮ ዞሮ መድረሻው ቁርባን ነው፣ እዚህ ጋ ደግሞ የመጨረሻው ቅጠል አለ፣ "አልበቃሁም"። ቅዳሴ ላይ ሰልፉን እዩት፣ ህጻናት፣ አረጋውያን፣ በተክሊል የተጋቡ ጥቂት ባልና ሚስት። መሀሉ የለም። 18 ሰአት መጾሙ ከብዶን አይደለም። ካህኑ "ቅድሳት ለቅዱሳን" ሲል ደንግጠን ነው፣ ለቅዱሳን ነው እኮ እኔ ማን ነኝ እንላለን። ህዝቡ ግን ሲመልስ "አዎ ቅዱሳን ነን" አይልም፣ አንዱ አብ ቅዱስ ነው፣ አንዱ ወልድ ቅዱስ ነው፣ አንዱ መንፈስ ቅዱስ ነው ብሎ ነው የሚመልሰው። የበቃ የለም ማለት ነው። ሳይናዘዙ በድፍረት መቅረብ አለ፣ እሱን ጳውሎስ ራሱ አስጠንቅቋል፣ ግን ንስሀ ገብቶ አባቱ ቅረብ ብሎት "አይ እኔ አልበቃሁም" የሚል ሰው ማንን እየተከራከረ እንደሆነ ማሰብ አለበት።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ከላይ ያልኩት ሁሉ ለሰሩት ነው እንጂ ለተሰራባቸው አይደለም። የዳዊት ልጅ ትዕማር (2ኛ ሳሙኤል 13) ወንድሟ አምኖን ሊደፍራት ሲል "እኔስ ነውሬን ወዴት እሸከማለሁ" ነው ያለችው። ደፋሪው እሱ፣ ነውሩን የምትሸከመው እሷ። አሁንም እንደዛው ነው። በልጅነቷ በዘመድ የተደፈረች ሴት፣ ወይ እንደዛ የሆነ ወንድ፣ ንስሀ ልግባ ብሎ ሲመጣ ገጥሟቸው የሚያውቁ አባቶች አሉ። ለዛ ንስሀ የለውም ምክንያቱም ሀጢአትሽ አይደለም፣ ለአባት መናገር ልብን ለማሳረፍ ሊጠቅም ይችላል፣ ግን ይቅርታ የሚያስፈልግሽ ሰው ሆነሽ አይደለም የምትሄጂው። እንደዚሁም እፍረቱ ከልክ አልፎ መኖር ያስጠላው ሰው ካለ፣ ወይ አንዱን ሀጢአት መቶ ጊዜ ተናዝዞ አሁንም አልተፈታልኝም እያለ እንቅልፍ ያጣ፣ ጸሎቱም ጠበሉም እንዳለ ሆኖ ሀኪም ጋ ይሂድ፣ ዛሬ ለሚያምነው ሰው ይንገር። የአእምሮ ሀኪም ጋ መሄድ የእምነት ጉድለት አይደለም፣ ለጥርሳችን እንሄድ የለ እንዴ።

የኔስ እንዴት ሆነ፣ ሌላ አባት ልይዝ ሁሉ አስቤ ነበር በመጨረሻ ግን እዛው ሄድኩ። ቅዳሜ ከሰአት ቤተክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ስር (አዎ ዛፍ ስር) አገኘኋቸው። ለሁለት ሳምንት ንግግር ሳዘጋጅ ነበር፣ ግማሹን ረሳሁት፣ ድምጼ ተቆራረጠ፣ ላብ እንደ ጋቢው ጊዜ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ ይቆጣሉ ወይ ያዝናሉ ብዬ ስጠብቅ "ልጄ፣ ማታ ስልክህን የት ነው የምታስቀምጠው?" አሉኝ። "ትራስ ስር ነው አባ" አልኳቸው። "ሳሎን አድርገው" አሉኝ፣ ከዛ ቀኖናዬን ነገሩኝ፣ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለው በመስቀላቸው ባረኩኝ፣ አለቀ። ሶስት አመት የፈራሁት ነገር ሃያ ደቂቃ አልሞላም።

ከዛ በኋላ አልወደቅኩም ብል እዋሻለሁ። በሁለት ወሩ ወድቄ ተመለስኩ፣ እየፈራሁ፣ "አባ ደግሞ ያው ነገር" አልኳቸው። በበረሃ አባቶች ዘንድ አንድ ወንድም ወደ አባ ሲሶይ ሄዶ "ወደቅኩ ምን ላድርግ" ቢለው "ተነስ" አለው፣ "ተነሳሁ ደግሞ ወደቅኩ" ሲለው "ደግመህ ተነስ" አለው ይላሉ፣ የኔ አባት እንደዛ አይነት ነገር አልተናገሩም፣ "ስልኩ ከሳሎን እንዴት ተመለሰ?" ነው ያሉኝ። አላርም ብዬ ነበር የመለስኩት። 300 ብር የግድግዳ አላርም ግዛ ተባልኩ፣ እሱም ቀኖና ነው መሰለኝ።

ባለፈው ጥምቀት ሰሞን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። እናቴ ከጓዳ አንገቷን አውጥታ አየችኝ ምንም አላለችም። መስቀል ተሳለምኩ፣ ሳሎኑን ረጩ፣ ጓዳውን ረጩ፣ የኔ ክፍል ጋ ሲደርሱ በሩ ላይ ቆም ብለው ወደኔ ዘወር አሉና ቀስ ብለው "ስልኩስ?" አሉኝ።

"ሳሎን ነው አባ" አልኳቸው፣ ቴሌቪዥኑ ጎን ቻርጅ ላይ ነበር።